በጋዜጣ የተሸፈኑ ልብ ወለዶች

ላፍቶ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው መጽሐፍ ሳይታየው አይውልም። አዟሪው ከሃያ የማያንሱ መጻሕፍት ከክርኑ እስከ አገጩ ደርድሮ፣ ጀርባቸውን ወደ ሰልፈኛው አዙሮ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። አንድ ቀን አስቆምኩትና «ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን ልብ ወለድ አለህ?» አልኩት። ፈገግ ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ የልጆች መጽሐፍ ነው የሚፈልጉት ወይስ ልብ ወለድ?» አለኝ። መሐል ላይ የሚቀመጥ አልነበረውም። ከክንዱ መሐል ግን ሁለት መዘዘልኝ፤ አንዱ የይስማዕከ ወርቁ፣ ሌላው የበዓሉ ግርማ። «እነዚህን ልጆቹ ይወስዷቸዋል» አለ።

የመጽሐፍ ገበያችን ነገር በዚህ መልስ ውስጥ አለ። በውጭው ዓለም «የወጣቶች ልብ ወለድ» የሚባል የራሱ መደርደሪያ፣ የራሱ ሽልማት፣ የራሱ አሳታሚ ያለው ዘርፍ ነው። አሜሪካኖች ልደቱን ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. በ1967 ከታተመ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ኤስ ኢ ሂንተን የጻፈችው ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ነበር። ከዚያ ወዲህ አሳታሚው መጽሐፉን ገና ሳያትም አንባቢው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ይወስናል። በአማርኛ ግን እንዲህ ብሎ የወሰነ አሳታሚ የለንም ማለት ይቻላል። ደራሲው ለሰው ሁሉ ይጽፋል፤ ወጣቱ ደግሞ ደስ ያለውን አንሥቶ የራሱ ያደርገዋል። ስለዚህ በእኛ አገር የወጣቶች ደራሲን ሕይወትና ሙያ መከተል ማለት የደራሲውን ሐሳብ ሳይሆን የአንባቢውን እጅ መከተል ነው።

ነገሩ ሲጀመርም እንዲህ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም የታወቀው፣ ለዘርፉ ስሙን ሰጠው፤ ዛሬም «ልብ ወለድ» የምንለው ከዚያው ተወርሶ ነው። የታሪኩ ባለቤቶች ግን መንታ ልጆች ናቸው፤ ዋሕድና ጦቢያ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ በጦርነት በታመሰ አገር ትንከራተታለች፣ ማንነቷን ደብቃ ታልፋለች። አንድ የዛሬ የውጭ አሳታሚ ይህን ሐሳብ በአንድ ገጽ ጽፈው ቢሰጡት «ለወጣቶች» ብሎ ማኅተሙን ይመታበት ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ሳያውቀው የወጣት ልብ ወለድ ሆኖ ተወለደ ብል ብዙ አላጋነንኩም። ነገር ግን ያን ጊዜ ማንበብ የሚችለው ወጣት ስንት ነበር? ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት እነ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወጣቱን የሚያዩት ሊመከር፣ ሊገሠጽ፣ ወደ ሥልጣኔ ሊመራ የሚገባ አድርገው ነበር። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ውስጥ ውጭ አገር ተምሮ የሚመለሰው ልጅም የዚህ ምክር ልጅ ነው። ምክር ደግሞ፣ እንደምናውቀው፣ በጋዜጣ ተሸፍኖ ዴስክ ሥር አይነበብም።

ዴስክ ሥር መነበብ የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባም በጠቅላይ ግዛት ከተሞችም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዝተዋል፤ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ፣ ወይ ከዘመድ ተጠግቶ የሚማር ልጅ ተበራክቷል። ይህ ልጅ ከአባቱ አገር ወጥቷል፣ ከተማው ደግሞ ገና አልተቀበለውም። ብርሃኑ ዘርይሁን «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች»ን ያወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ተወልዶ በጋዜጠኝነት የኖረ፣ የአዲስ ዘመን አዘጋጅ የነበረ ሰው ነውና ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ እንደ ዜና ይፈጥናል። እስከዚያ ድረስ የአማርኛ ስድ ንባብ እየተጠማዘዘ አንድ ገጽ የሚሞላ ነበር። የብርሃኑን አጭር ዓረፍተ ነገር ወጣቱ ወደደው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ታዋቂ ደራስያን ሁሉም ማለት ይቻላል ከዚህ ፍጥነት ተበድረዋል።

አቤ ጉበኛ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ፤ ቁጣ። በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው «አልወለድም» ውስጥ በእናቱ ማሕፀን ያለ ጽንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ይከራከራል። መንግሥት መጽሐፉን ሰበሰበው። አቤም በኋላ ወደ ጎሬ፣ ኢሉባቦር ተግዞ ተቀመጠ። ስለ እርሱ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር ግን የመንግሥት ደመወዝ ትቶ በብዕሩ ብቻ ለመኖር መሞከሩ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ ከቁጣው የማይተናነስ ድፍረት ነበር። እስከ ዛሬም የብዙ ደራሲ ኑሮ ከዚህ ፈተና አልወጣም። ደራሲው ራሱ ለማተሚያ ቤት ይከፍላል፣ ወይም ተበድሮ ያሳትማል፤ መጽሐፉን ለአከፋፋይ በዱቤ ይሰጣል፤ አከፋፋዩ ለመደብሩ፣ መደብሩ ለአዟሪው። ገንዘቡ በዚያው መንገድ ሲመለስ እየቀነሰ፣ እየዘገየ ነው። ብዙ የተነበበ ደራሲ ሁልጊዜ ብዙ ያገኘ ደራሲ ያልሆነው ለዚህ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጣ። ሐዲስ አለማየሁ የጻፉት የሥርዓት ሙሾ ነው፤ የባላባቱ፣ የጭሰኛው፣ የቤተ ክህነቱ፣ የጋብቻው ሁሉ መዝገብ። ወጣቱ ግን ከውስጡ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ለይቶ አወጣ፤ ለጠያቂዎቹ ደግሞ ጉዱ ካሣን። መጽሐፉን ያላነበበው እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታል። ያ ትረካ ሲተላለፍ አንድ ሬዲዮ ላለው ቤት ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰብ እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። መጽሐፉ ስንት ቅጂ ተሸጠ ብሎ መጠየቅ እዚህ ላይ ትርጉም ያጣል። አንድ ቅጂ፣ አንድ ድምፅ፣ ስንት ጆሮ?

የምኖርበትን ሰፈር ነፋስ ስልክ ያሰኘው፣ እንደሚታወቀው፣ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ የግራር ዓይነት ስም ነው። እዚህ ስኖር ሁለቱን ስሞች እያሰብኩ አንድ ነገር ይገርመኛል፤ በዚህች ከተማ ወሬም፣ ዜማም፣ መጽሐፍም ብዙ ጊዜ የተጓዘው ሽቦ ሳይዘረጋለት ነው።

ሽቦ ሳይዘረጋለት ከተጓዘው ሁሉ የሚበልጠው የበዓሉ ግርማ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዓሉ በኢሉባቦር ሱጴ በ1930ዎቹ መባቻ ተወለደ፤ አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ ነበሩ። አዲስ አበባ መጥቶ ተማረ፣ ከጄኔራል ዊንጌት ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም አሜሪካ ሚሽጋን ሄዶ ተመለሰ። ጋዜጠኛ ሆነ፤ መነንን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ አዲስ ዘመንን አዘጋጀ። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ የከተማው ወጣት ራሱን መጽሐፍ ውስጥ አየ ማለት ማጋነን አይሆንም። አበራ ቢሮ ተቀምጦ ሠዓሊ መሆን ያልማል፤ ቤተሰብ ደግሞ ሥራህን ያዝ፣ ትዳር ያዝ ይለዋል። ሉሊት አለች። ቡና ቤት አለ፣ መኪና አለ፣ የከተማ ማታ አለ። ይህ የፊታውራሪና የጭሰኛ ዓለም አይደለም፤ የተማረ ልጅ ዓለም ነው፤ የተማረው ልጅ ደግሞ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም። በዓሉ ይህንን አለማወቅ ሳይገሥጸው ጻፈው። የወጣት አንባቢን ልብ የከፈተው ይህ አለመገሠጽ ይመስለኛል፤ ከእርሱ በፊት ማንም ደራሲ እንዲህ ዝም ብሎ አልተቀመጠም ነበር።

ከዚያ «የሕሊና ደወል» መጣ፣ ከአብዮቱ በኋላ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»፣ «ደራሲው»፣ «ሐዲስ»። «ደራሲው»ን ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን እያሰበ ጻፈው ይባላል። ስብሐት ራሱ በዚያ ዘመን የሚታወቀው ባልታተመው ነበር፤ «ሌቱም አይነጋልኝ» ማተሚያ ቤት ሳይገባ ለብዙ ዓመት በቅጂ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲዞር ኖሯል።

ከዚያ «ኦሮማይ»። በዓሉ በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ነበር፤ ያየውን በ1975 ዓ.ም. ልብ ወለድ አደረገው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ያፈቅራል፤ ዙሪያውን ደግሞ ባለሥልጣናቱ፣ ስለላው፣ ውጊያው፣ ከንቱው ሁሉ። መጽሐፉ በወጣ በአጭር ጊዜ ታግዶ ከየመደብሩ ተለቀመ። ከዚያ ኪራዩ ጀመረ። ያመለጡት ጥቂት ቅጂዎች በጋዜጣ ተሸፍነው፣ ርዕሳቸው ተደብቆ፣ «ነገ ጠዋት እንድትመልስ» እየተባለ ተነበቡ። ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ሰው ጠዋት ለሚቀጥለው ያስረክባል። የታገደው በፖለቲካው ነው፤ ዕድሜውን ያራዘመለት ግን ፊያሜታ ናት። ለዚህ ማስረጃዬ ቀላል ነው፤ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመታቸው የነበሩ ሰዎችን ስለ «ኦሮማይ» ብትጠይቋቸው ከሁሉ በፊት የሚያነሡት የእርሷን ስም ነው።

በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገኑ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች፤ የነፋስ ስልክን ሰፈር ሰንጥቆ ወደ ሳሪስና ቃሊቲ የሚወርደው፣ ዛሬ ባቡሩ መሐል ለመሐል የሚሄድበት ያው መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ በዚያ ሳልፍ ስንት ሰው እያወቀ እንደሚያልፍ አስባለሁ። «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ ከታተመ ከአርባ ዓመት በላይ አልፎ።

በደርግ ዘመን የሆነውን ያለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ መረዳት አይቻልም። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር አገናኘ። ማንበብ የቻለ ሕዝብ ደግሞ የሚነበብ ይፈልጋል። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ተቋቋመ፤ ሞስኮ የሚገኘው ፕሮግረስ ማተሚያ ደግሞ ጎርኪን ጨምሮ ብዙ መጽሐፍ በአማርኛ እያሳተመ በርካሽ ላከ። ወጣቱ ግን ከዚህ ሁሉ መሐል ማሞ ውድነህን ለየ። ማሞ የስለላና የጦርነት ታሪክ እየተረጎሙ፣ የራሳቸውንም እየጨመሩ ጻፉ። «የኛው ሰው በደማስቆ»፣ ያ ደማስቆ ገብቶ የሶርያን ባለሥልጣናት ያታለለው እስራኤላዊ ሰላይ የኤሊ ኮኸን ታሪክ፣ የስንት ልጅ እንቅልፍ እንደወሰደ እንጃ። ተቺዎች ማሞን እምብዛም አያነሷቸውም፤ ይህ የተቺዎች ጉድለት ነው እላለሁ። ብዙ ሰው ወደ ማንበብ የገባው በእርሳቸው በር ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣው የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ደግሞ ምናልባት ከሁሉም ይልቅ «የወጣት ልብ ወለድ» ለሚለው ስም የሚቀርበው ነው። ቦታው ስድስት ኪሎ ነው፤ ግቢው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ መኝታ ክፍሉ፣ ፈተናው። አቤል ትዕግሥትን ይወዳል፤ መናገር ግን አይችልም። ታሪኩ ይኸው ነው። ጦርነት፣ አብዮት፣ ስብሰባ በሞላበት ዘመን አንድ ልጅ ለአንዲት ልጅ አንድ ቃል መናገር አቃተው። ዩኒቨርሲቲ ያልገባው የገጠር ተማሪ ዩኒቨርሲቲን መጀመሪያ ያየው በዚህ መጽሐፍ ነው፤ ሲገባም አቤልን ፍለጋ ነው የገባው። የገባው ሁሉ እንደ አቤል ዝም ብሎ አፍቅሮ ቀረ እየተባለ ይቀለዳል፤ ቀልዱ ግን ሩቅ አይደለም።

በዚያው ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤትም ያነብ ነበር። ገጣሚው ነቢይ መኮንን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ዝነኛ ልብ ወለድ ለእስረኞቹ እያነበበ በአማርኛ ነገራቸው፤ ከዚያ ተረጎመው። ወረቀት ስለሌለ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጠኛ ወረቀት ላይ ነው፤ ሦስት ሺህ ያህል ቁራጭ። የሚፈቱ እስረኞች በሲጋራ ፓኮ ደብቀው በየተራ አወጡለት። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታትሟል። እነዚያ እስረኞች አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ከሞት ፍርድ ጋር አብረው እየዋሉ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ልጅ ፍቅር በየማታው ይጠይቁ ነበር። የመጽሐፍ ኪራይ፣ የመጽሐፍ ሽያጭ፣ የመጽሐፍ ትረካ ብለን የምንቆጥረው ሁሉ ከዚህ አጠገብ ትንሽ ይመስለኛል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ፈጠነ፤ በፍጥነት ልለፈው። የፕሬስ ሕጉ በ1985 ዓ.ም. ወጣ፣ መጽሔትና ጋዜጣ ጎዳናውን ሞላው፣ የሲድኒ ሼልደንና የመሰሎቹ ትርጉም በየዓይነቱ ወጣ። ከአገር ልጆች ፍቅረ ማርቆስ ደስታ ወጣቱን ወደ ደቡብ ወሰደው። ሐመር ያስተማረ መምህር ነበርና «ከቡስካ በስተጀርባ» እና «ኢቫንጋዲ» ውስጥ የከብት ዝላዩን፣ የሌሊት ጭፈራውን ጻፈ። አዲስ አበባ ላይ ከቀለበት መንገድ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ የሐመርን ቃላት በቃሉ ይዞ ይሄድ ነበር። ሐመርን እንደ ጌጥ ብቻ የሚያይ ትውልድ አልፈጠረም ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ከሸዋና ከጎጃም የማይወጣውን የአማርኛ ልብ ወለድ ካርታ አሰፋው።

ከወደ አሜሪካ ደግሞ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ተመለሰ። ነገሌ ቦረና ተወልዶ፣ ተሰዶ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የሆነ የመጀመሪያ መጽሐፉን፣ አንድ ተራ የፍቅር ልብ ወለድ፣ ያነበበው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እንደሆነ ራሱ ሲናገር ተሰምቷል። «ቂሎ ማሞ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ አዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት አስጀመረ። ሥራው ለትንንሾቹ ነው። ከቂሎ ማሞ ወጥቶ «ፍቅር እስከ መቃብር» እስኪደርስ ያለው ልጅ ግን፣ የእኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ አሁንም ድልድዩን ራሱ መሥራት አለበት።

በሚሌኒየሙ ማግስት ወጣቱ ለዚያ ድልድይ ያነሣው «ዴርቶጋዳ»ን ነው። ይስማዕከ ወርቁ ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበር፤ አንባቢውም እኩያው ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ናሳ ላይ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ሻጊዝ አለ፣ የጣና ገዳማት ምሥጢር አለ፣ የውጭ ስለላ ድርጅቶች ሩጫ አለ። ብዙ አንባቢ ሻጊዝን ከቦንጋው ልጅ ከኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ጋር ያያይዘዋል፤ የጠፈር ሳይንቲስቱ ቅጣው እ.ኤ.አ. በ2006 አርፏል። ከዚያ «ራማቶሓራ»፣ ከዚያ «ዣንቶዣራ» ተከተሉ።

«ዴርቶጋዳ»ን ያነበቡ ሥነ ጽሑፍ አዋቂዎች ፊታቸውን አጨማደዱ። ታሪኩ ይዘላል፣ ገጸ ባሕርያቱ ከሰው ይልቅ ጀግና ናቸው፣ ሁሉ ነገር ይቻላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ማሞ ውድነህ ያዋሷቸው ሰላዮች የሌላ አገር ነበሩ። የሲሳይ አቤል የሚወዳትን እንኳ መናገር አይችልም። የበዓሉ ፀጋዬ የሚያየውን ማዳን አይችልም። በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ወጣቱ ለዘመናት ሲሞት፣ ሲከዳ፣ ሲያለቅስ ኖረ። ይስማዕከ ይህን ልጅ ሮኬት ሠሪ አደረገው፣ የገዳሙን ግዕዝና የናሳን ሒሳብ በአንድ ኪስ ውስጥ ከተተለት። በዚያ ጊዜ ኮንዶሚኒየሙ ጀሞ ላይ እየተነሣ ነበር፤ ቤተሰቡ ዕጣ የወጣለት ልጅ አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ትምህርት ቤት፣ የማያውቃቸው ጎረቤቶች መሐል ነበረ። ይህን መጽሐፍ ቢወደው ምን ይገርማል?

መጽሐፉ ደጋግሞ ታተመ። የአማርኛ መጽሐፍ ገዢ መጽሐፍ መወደዱን የሚያውቀው ከሽፋኑ ጀርባ ወይም ከመጀመሪያው ገጽ ላይ «ስምንተኛ እትም» የሚለውን አይቶ ነው፤ ያ እትም ሦስት ሺህ ይሁን አሥር ሺህ ግን ገጹ አይናገርም። የቅጂ መብት አዋጁ በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ቢሆንም የተወደደ መጽሐፍ በወጣ በሳምንቱ በሕገ ወጥ ቅጂ፣ ዛሬ ደግሞ በስልክ ላይ፣ ያገኙታል። ደራሲ ሁሉ በዚህ ይከስራል። ድሮ «ኦሮማይ»ን ያዳነው ያው መንገድ ዛሬ የደራሲውን ዳቦ ይወስዳል፤ ይህን ሳስብ የትኛው ወገን ላይ መቆም እንዳለብኝ ልቤ ይከፈላል። ከ«ዴርቶጋዳ» በኋላም ዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ»ን በ2007 ዓ.ም. ሲያወጣ፣ የአብያተ ክርስቲያናትን ደን የሚያጠና የሥነ ምህዳር ምሁር ሆኖ፣ ወጣቱን ደግሞ ወደ ገዳም ዋሻ ወሰደው፤ ያንንም መጽሐፍ በአዟሪው ክንድ ላይ ሳላይ አልቀረሁም።

እኔ ዘንድ የቀረው «ሰመመን» ሽፋኑ ተቀድዶ በአዲስ ዘመን የተሸፈነ ነው። ገዝቼው አይደለም፤ ተውሼ ሳልመልስ የቀረሁት ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስሞች አሉ፤ አምስት፣ በአምስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ ከአጠገባቸው «ሰኞ»፣ «ዓርብ»፣ «ከፈተና በፊት» የሚሉ ቃላት። አራቱ ተሰርዘዋል። አምስተኛው፣ ከእኔ በፊት የነበረው፣ አልተሰረዘም፤ ከሥሩ በእርሳስ «ይህን ያነበበ ለአስቴር ይመልስ» ተብሎ ተጽፏል። አስቴር ማን እንደሆነች አላውቅም።